የፊንላንዶች «ኪዩልኪአሴንቶ»፦ የአንድ ነፍስ አድን ቃል ጉዞ

ፊንላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና የወሰደ ሰው ሁሉ «ኪዩልኪአሴንቶ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ግን የሚተነፍስ ሰው አምቡላንስ እስኪደርስ በጎኑ የሚተኛበት አኳኋን ስሙ ይህ ነው። ቃሉ ከሁለት የተጣመረ ነው፤ «ኪዩልኪ» ጎን ማለት ነው፤ «አሴንቶ» ደግሞ የሰውነት አቀማመጥ። ከላቲን ወይም ከግሪክ የተበደረው ነገር የለም። የስድስት ዓመት ልጅም፣ የሰማንያ ዓመት ገበሬም ገና ሲሰሙት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይገባቸዋል። ይህ በራሱ የመጣ ነገር አይደለም። ከበስተጀርባው በአንድ ወገን ሕክምናን በገዛ ቋንቋቸው ለመናገር የቆረጡ ሰዎች አሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ሰው በጀርባው ተኝቶ ለምን ታፍኖ እንደሚሞት ሲመረምሩ የኖሩ ሐኪሞች አሉ።

ታሪኩ ከ1543 ይጀምራል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት ሚካኤል አግሪኮላ የተባለ፣ ጀርመን አገር ዊተንበርግ ተምሮ የተመለሰ የቤተ ክርስቲያን ሰው «አብሲኪሪያ» የተሰኘ የፊደል መማሪያ አሳተመ። በፊንላንድኛ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። አገሪቱ ያን ጊዜ በስዊድን ዘውድ ሥር ነበረች። ሹማምንቱ የሚጽፉት በስዊድንኛ፣ ሊቃውንቱ የሚከራከሩት በላቲን ነበር። ፊንላንድኛ የቤትና የእርሻ ቋንቋ ሆኖ ከመጽሐፍ ውጭ ኖሯል። አግሪኮላ በ1544 የጸሎት መጽሐፍ፣ በ1548 ደግሞ ሐዲስ ኪዳንን አከለበት። የጸሎት መጽሐፉ ከጸሎቱ ሌላ የዘመን መቁጠሪያና የጤና ምክር ነበረው። የጤና ነገር ገና ከመጀመሪያው በፊንላንድኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

ሰውየው ትልቅ ችግር ነበረበት። መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገርላቸው ብዙ ነገሮች በፊንላንድ ጫካና ሐይቅ መካከል ስም አልነበራቸውም። አንበሳን እንውሰድ። አንበሳን ዐይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ስለ አንበሳ ምን ይባላል? አግሪኮላ «ያሎፔውራ» አለው፤ «ያሎ» ክቡር፣ «ፔውራ» የዱር አጋዘን ነው። የአገሬው ሰው የሚያውቀውን አውሬ ወስዶ በማዕረግ ከፍ አደረገው። ዛሬ ፊንላንዶች አንበሳን በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ዘዴው ግን አልተረሳም። የሚታወቁ ሁለት ቃላትን አጣምሮ የማይታወቀውን መሰየም የፊንላንድኛ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቀረ። በአግሪኮላ ጽሑፎች ውስጥ ካሉት ወደ 8,500 የሚጠጉ ቃላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛሬም ይሠራባቸዋል።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1642 ታተመ። የሰውነት ክፍሎች ስም ግን መጽሐፍ አልጠበቀም፤ በሕዝቡ አፍ ነበረ። ሔዋን የተፈጠረችበትን አጥንት ፊንላንዶች «ኪዩልኪሉ» ይሉታል፤ «ሉ» አጥንት ነው። አማርኛ «የጎን አጥንት» እንደሚለው ማለት ነው። ስለዚህ «ኪዩልኪ» ለሐኪሞች ተብሎ የተፈጠረ ቃል ሳይሆን የእንጀራና የውኃ ያህል የቆየ ነው። ወጣቱ ግማሽ «አሴንቶ» ነው፤ የእሱ ዕድል የተወሰነው በጂምናስቲክና በወታደር ሰፈር ነበር።

በ1809 ስዊድን በጦርነት ተሸንፋ ፊንላንድን ለሩሲያ ለቀቀች። አገሪቱ በንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር አንደኛ ሥር የራሷ ሕግና አስተዳደር ያላት ታላቅ መስፍናዊ ግዛት ሆነች። የቢሮው ቋንቋ ስዊድንኛ መሆኑ አልቀረም። ሆኖም ከስዊድን የተለየን ነን፣ ሩሲያዊም አይደለንም የሚሉ ወጣቶች «እንግዲህ ማን ነን?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። መልሱን ከገበሬው ቋንቋ ውስጥ ለማውጣት በእግሩ የተጓዘው ደግሞ የአንድ ድኻ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር።

ኤልያስ ሎንሩት በ1802 ሳማቲ በተባለች መንደር ተወለደ። ቱርኩ ላይ ተማረ፤ በ1827 ከተማዋ ስትቃጠልና ዩኒቨርሲቲው ወደ ሄልሲንኪ ሲዛወር እዚያ ሕክምና አጠና። የመመረቂያ ጽሑፉን በ1832 ያዘጋጀው ስለ ፊንላንዶች የድግምት ሕክምና ነው፤ ጽሑፉ ግን በስዊድንኛ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሰሜን ምሥራቅ ካያኒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ሄደ። አካባቢው በረሃብና በወረርሽኝ ተመትቶ ነበር። አንድ ሐኪም ለሰፊ ወረዳ፤ መንገድ የለም፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ በሽተኛው የሚናገረው ፊንላንድኛ፣ የሐኪሙ መጻሕፍት ሌላ።

ሎንሩት በዓለም የሚታወቀው ከገበሬዎች አፍ የሰበሰባቸውን የጥንት ግጥሞች አያይዞ በ1835 ባወጣው «ካሌቫላ» ነው፤ ሁለተኛው፣ 22,795 ስንኞች ያሉት እትም በ1849 ወጣ። ለዚህ ታሪክ ግን ከካሌቫላ ይልቅ በ1839 ያሳተማት ቀጭን መጽሐፍ ትበልጣለች። ርእሷ በአማርኛ ቢመለስ «የፊንላንዳዊ ገበሬ የቤት ሐኪም» ይሆናል። ሐኪም የማይደርስበት ቤት ውስጥ እናትና አባት በሽተኛን እንዴት እንደሚይዙ በገዛ ቋንቋቸው የምትመክር መጽሐፍ ናት። ሎንሩት ቁጭ ብሎ ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀም። እውቀቱን ወደ ገበሬው ቤት ለማስገባት ቋንቋውን ራሱ ማስፋት ነበረበት።

አሰፋውም። ትኩሳትን «ኩሜ» አለ፤ «ኩማ» ሙቅ ማለት ነው። አማርኛ ደም ቅዳና ደም መልስ ብሎ የሚለያቸውን የደም ሥሮች «ቫልቲሞ» እና «ላስኪሞ» ብሎ ሰየማቸው። ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሰዋስውም ስም የሰጠ እሱ ነው። በ1860 ስለ ፊንላንድ ዕፅዋት ባወጣው መጽሐፍ የአበባን ወንዴና ሴቴ አካላት «ሄዴ» እና «ኤሚ» ብሏቸዋል፤ ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት በእነዚሁ ነው። ከ1866 እስከ 1880 በየክፍሉ የወጣው የፊንላንድኛና ስዊድንኛ መዝገበ ቃላቱ ከ200,000 በላይ ቃላት ይዟል። አንድ ሰው ለአንድ ቋንቋ ይህን ያህል ሲያደርግ ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

እሱ ብቻ አልነበረም። በ1845 ሳሙኤል ሮስ ኤሌክትሪክን «ሳህኮ» ብሎ የሰየመው በዚሁ ዘመን ነው። የባዕዱን ቃል እንዳለ መውሰድ ይቀል ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ተናጋሪው ገና ሲሰማው የሚገባውን ፈለጉ።

አሁን ወደ «አሴንቶ» እንመለስ። በ1813 ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም ከፍቶ ነበር። የሊንግ ትምህርት የሚነሳው ከእንቅስቃሴው ሳይሆን ከመነሻው አቀማመጥ ነው፦ መቆም፣ መንበርከክ፣ መቀመጥ፣ መተኛት፣ መንጠልጠል። ከእነዚህ ከአምስቱ ሌላው ሁሉ ይወለዳል። ስለዚህ የሊንግ ጂምናስቲክ በደረሰበት አገር ሁሉ ለእያንዳንዱ የሰውነት አቀማመጥ አጭርና የማያሻማ ስም ማስፈለጉ አልቀረም፤ አስተማሪው አዳራሽ ሙሉ ተማሪ በአንድ ቃል ማዘዝ አለበት።

ትምህርቱ ወደ ፊንላንድ ሲሻገር መጀመሪያ የተናገረው በስዊድንኛ ነበር። በ1863 ግን ሁለት ነገሮች ተደረጉ። ነሐሴ 1 ቀን ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ በቢሮና በፍርድ ቤት ከስዊድንኛ እኩል እንዲሆን የሚያዝዝ ድንጋጌ ፈረመ። በዚያው ዓመት ኡኖ ሲግኔውስ የሚመራው የይቫስኪላ የመምህራን ማሠልጠኛ በፊንላንድኛ ማስተማር ጀመረ፤ ጂምናስቲክም ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር። ከዚያ የወጡ መምህራን ወደየመንደሩ ሲበተኑ ትእዛዙም በፊንላንድኛ ሆነ። በ1876 ኤሊን ካሊዮ ሄልሲንኪ ውስጥ የሴቶች የጂምናስቲክ ማኅበር አቋቋመች፤ ሴት ልጅ በአደባባይ እጅና እግሯን ዘርግታ መሥራቷ ገና በሚያስገርምበት ጊዜ።

ጂምናስቲክ ራሱ «ቮይሚስቴሉ» ተባለ፤ ከ«ቮይማ»፣ ከጉልበት የተወሰደ ነው። በጀርባ መተኛት «ሴሊንማኩ»፣ በሆድ መተኛት «ፓይንማኩ»፣ በጎን መተኛት «ኪዩልኪማኩ»። መሠረታዊው አቋቋም «ፔሩስአሴንቶ»። «አሴንቶ» ቦታንና ሁኔታን ከሚያመለክተው «አሴማ»፣ ማስቀመጥን ከሚያመለክተው «አሴታ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ፊንላንድ በ1917 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ የራሷ ሠራዊት ሲኖራት ቃሉ የየሰፈሩ ጩኸት ሆነ። ዛሬም ምልምሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ትእዛዝ «አሴንቶ!» ነው፤ የሚያሳርፈው ደግሞ «ሌፖ!»።

ቃሉ እንዲህ ሲበስል ሁለተኛው ግማሽ ታሪክ ለንደን ላይ ይካሄድ ነበር።

በ1856 ማርሻል ሆል የተባለ ስመ ጥር ሐኪም፣ ውኃ የሰመጡ ሰዎች የሚረዱበትን መንገድ ነቅፎ ጻፈ። በዘመኑ ሰማጩን በጀርባው አጋድሞ ማሞቅ የተለመደ ነበር። የሆል ክርክር ቀላል ነበር፤ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋል፤ ውኃውም ትውከቱም ወደ ሳንባው ይወርዳል። ስለዚህ ሰውየውን በፊቱ ድፉት፣ ግንባሩን በክንዱ ላይ አሳርፉት፣ ከዚያ ወደ ጎኑ አገላብጡት፣ መልሱት፤ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል። ሲደፋ ደረቱ ይጨመቃል፣ ወደ ጎን ሲዞር ይከፈታል። ዘዴውን «ዝግጁው ዘዴ» አለው፤ ከሁለት እጅ በቀር መሣሪያ አይፈልግምና። ሆል በቀጣዩ ዓመት ሞተ። በ1858 ሄንሪ ሲልቬስተር በጀርባ አስተኝቶ ክንድ የሚያነሳ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ እሱም ለብዙ ጊዜ ተስፋፋ። በዚህ ጸሐፊ ፍርድ ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነበር፤ የሆልን ዋና ነጥብ፣ የምላሱን ነገር፣ ብዙዎች ረሱት።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ቦልስ ግን አልረሳም። ቦልስ ሥራዬ ብሎ የያዘው በአንጎል ደም መፍሰስ ራሳቸውን የሳቱ ሕመምተኞች የሚያሰሙትን ከባድ ማንኮራፋት ነው። ብዙ ሐኪሞች ድምፁን የሞት ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። ቦልስ ግን ሕመምተኛውን በጎኑ ሲያዞረው ማንኮራፋቱ ይቆማል፣ የፊቱም መጥቆር ይለቃል። ችግሩ የነበረው አንጎል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ጉሮሮ ላይም ነው። ይህን በ1891 ባሳተመው ጽሑፉ በዝርዝር አስረዳ።

ፊንላንድም ዝም አላለችም። በ1877፣ የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ሲነሳ፣ የፊንላንድ ቀይ መስቀል መነሻ የሆነው የቁስለኞች መርጃ ማኅበር ተቋቋመ። በ1881 ደግሞ 12 ሰዎች ሄልሲንኪ ላይ ተሰብስበው «ዱዎዴሲም» የተባለውን የሐኪሞች ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙ በላቲን ዐሥራ ሁለት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ማቲ አይራፓ ነበር። የማኅበሩ ዓላማ በግልጽ የተነገረ ነው፤ ሕክምናን በፊንላንድኛ መናገርና መጻፍ የሚቻልበትን ቃል ማዘጋጀት። ከ1885 ጀምሮ በዚያው ስም መጽሔት ያወጣል፤ መጽሔቱ ዛሬም አለ። ሐኪሙ ሎንሩት ብቻውን የጀመረውን እነዚህ በማኅበር ወሰዱት።

የፊንላንድ ቀይ መስቀል ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥም ተጽፏል። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ለቁስለኞች የሕክምና ጓድ ከላኩት አገሮች አንዷ ፊንላንድ ነበረች። ጓዱን የመራው ሪካርድ ፋልቲን የተባለ ዕውቅ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነው፤ በ1867 የተወለደ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው። በዚያ ዕድሜ በረሃ ለበረሃ የሰው አገር ቁስለኛ ለማከም መምጣቱ ሊነገርለት ይገባል።

የሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ራሱን ለሳተ ሰው ብዙ አልጨመረለትም። ሰው ሠራሽ አተነፋፈስ በእጅ ግፊት ይሰጥ ነበር፤ በ1903 የኤድዋርድ ሼፈር፣ በ1932 የዴንማርካዊው ሆልገር ኒልሰን ዘዴ። ሁለቱም ሰውን በሆዱ አስተኝተው ጀርባውን ይጫናሉ።

ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ሐኪሙ ጄምስ ኢላም ከአፍ ወደ አፍ የሚሰጥ ትንፋሽ ለሕመምተኛው በቂ ኦክስጅን እንደሚያደርስ በ1954 አሳየ። ሌላው ሐኪም ፒተር ሳፋር ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ ፈቃደኛ ሰዎችን በመድኃኒት አደንዝዞ፣ ጡንቻቸው ሁሉ እንዲዝል አድርጎ፣ የድሮዎቹን ዘዴዎችና አዲሱን አወዳደረ። የጀርባና የክንድ ግፊቱ በብዙዎቹ ላይ አየር አላስገባም፤ ምክንያቱም መተላለፊያው ተዘግቷል። ጭንቅላት ወደ ኋላ ቀና ሲል፣ አገጭ ሲነሳ ግን ይከፈታል። ሆል ከመቶ ዓመት በፊት የተናገረው ምላስ በመጨረሻ በሙከራ ተረጋገጠ። በ1960 ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ላርዳል የማሠልጠኛ አሻንጉሊት አወጣ፤ ትምህርቱም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ፋብሪካ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ጎን ለመጀመሪያ ሕክምና ሰጪው ቁልፍ የሆነው። የማይተነፍሰውን ትንፋሽ ትሰጠዋለህ፤ የሚተነፍሰውን ግን ራሱን የሳተውን ምን ታደርገዋለህ? በጎኑ ታስተኛዋለህ። ጀርመኖች «የማይናወጥ የጎን አተኛኘት» የሚል ረጅም ስም ሰጡት። ስዊድኖች «ወደ ፊት ያዘነበለ የጎን አተኛኘት» አሉት። ፊንላንዶች ሌላ ቃል መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ከአካሉ «ኪዩልኪ»፣ ከጂምናስቲኩና ከሰልፍ ሜዳው «አሴንቶ» በእጃቸው ነበሩ። ጂምናስቲኩ «ኪዩልኪማኩ» የሚለው ዝም ብሎ በጎን መተኛትን ነው፤ «ኪዩልኪአሴንቶ» ግን ሆን ተብሎ የተዘጋጀ፣ እጅና እግር በቦታ በቦታው የተቀመጡበት አኳኋን ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው «አሴንቶ» ነው።

በ1992 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የነፍስ ማዳን ጥምር ኮሚቴ በ1990ዎቹ ዝርዝሩን በአንድ ላይ ለማስማማት ሠራ። አንድ ፍጹም አተኛኘት የለም ተባለ፤ ግን የማይታለፉ መሠረቶች አሉ፦ ከአፍ የሚወጣው ወደ ውጭ እንዲፈስ፣ ሰውየው እንዳይንከባለል፣ ደረቱ እንዳይጫን፣ መተንፈሱ እንዲታይ፣ ካስፈለገ በቶሎ ወደ ጀርባው እንዲመለስ። በፊንላንድ የነፍስ አድን ሕግ ደግሞ አደጋ ያየ ሰው ሁሉ መጥራትና በሚችለው መጠን መርዳት ግዴታው ነው።

አደራረጉን ከቅርብ እንየው። ሰውየው በጀርባው ተኝቷል፤ ይጠሩታል፣ ትከሻውን ይነቀንቁታል፣ አይመልስም። ጭንቅላቱን ቀና አድርገው ጉንጭዎን ወደ አፉ አስጠግተው ደረቱን ያያሉ፤ እስከ ዐሥር ሰኮንድ። በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይንበረከካሉ። ወደ እርስዎ ያለውን ክንዱን ከሰውነቱ አውጥተው ክርኑን አጥፈው መዳፉን ወደ ላይ ያደርጉታል። የማዶውን እጅ በደረቱ ላይ አሻግረው የእጁን ጀርባ ወደ እርስዎ ካለው ጉንጩ ጋር ያጣብቃሉ፤ ይዘው አይለቁም። በሌላው እጅዎ የማዶውን ጉልበት ወደ ላይ አጥፈው ወደ ራስዎ ይጎትቱታል። ሰውየው ግዙፍ ቢሆንም ጉልበቱ እንደ ዘንግ ሆኖ ያዞረዋል። ከዚያ የላይኛው እግሩ ከፊት ታጥፎ እንዳይገለበጥ ይደግፈዋል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ቀና ይላል፤ አፉ ወደ መሬት ያዘነብላል። አምቡላንስ እስኪደርስ ትንፋሹን ደጋግመው ያያሉ። ከቆመ ወደ ጀርባው መልሰው ደረቱን መጫን ነው፤ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት።

ይህን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እጅ መልመድ አለበት። በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ይውሰዱት። እስከዚያው ዛሬ ማታ ከቤተሰብዎ አንዱን መሬት ላይ አስተኝተው ከላይ የተጻፈውን ይሞክሩት፤ ከዚያ ተራ ቀይረው እርስዎ ይተኙ።